ሐበሾችን ተዉአቸው፦ አንድ ሐዲስ በምን ይመዘናል?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ነዋሪነቴ ደሴ ከተማ ነው። በቅርቡ ከቅሬያችን አባላት የአንዱን ቀብር ፈጽመን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን ሳለ ጨዋታው ወደ ሐበሻው ንጉሥ ወደ ነጃሺ ዞረ። አንድ ሽማግሌ፣ «ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሐበሾች እስካልነኳችሁ ድረስ አትንኳቸው ብለዋል» ሲሉ፣ አንድ ወጣት ስልኩን አውጥቶ ፈለገና፣ «ይህ ቡኻሪ ላይ የለም፤ ሰሒሕ (የተረጋገጠ) አይደለም» አላቸው። ሽማግሌው ቅር አላቸው። ሌላው ደግሞ፣ «ሺዓዎች ጭራሽ ቡኻሪንም አይቀበሉም፤ የራሳቸው ሐዲስ ነው ያላቸው» አለና ነገሩ ተደበላለቀ። ለመሆኑ አንድ ሐዲስ እውነተኛ ነው ወይም አይደለም የሚባለው በምን ተመዝኖ ነው? ሺዓዎችስ በምን ይመዝናሉ?

መልስ፦ የሽማግሌውን ጉዳይ እናስቀድም። ሐዲሱ አለ፤ ኢማም አቡ ዳውድና ኢማም አን-ነሳኢ «ሱነን» በተባሉት የሐዲስ ስብስቦቻቸው ዘግበውታል። ወጣቱ «ቡኻሪ ላይ የለም» ማለቱም ልክ ነው፤ በኢማም ሙስሊም ኪታብ ላይም የለም። ልክ ያልሆነው ከዚህ ተነሥቶ የሰጠው ፍርድ ነው። በ256 ዓመተ ሒጅራ (እ.ኤ.አ. 870) የሞቱት ኢማም አል-ቡኻሪ ራሳቸው፣ በኪታባቸው ውስጥ ሰሒሕ ያልሆነ እንዳላስገቡ፣ ነገር ግን ኪታቡ እንዳይረዝም ሲሉ ብዙ ሰሒሕ ሐዲስ እንደተዉ ተናግረዋል። ኪታቡ ከነድግግሞሹ ከ7,000 በላይ ሐዲስ ሲይዝ፣ ድግግሞሹ ሲወጣ ኢብን ሐጀር አል-ዐስቀላኒ በቆጠሩት 2,602 ነው። ስለዚህ አንድ ሐዲስ እዚያ መጥፋቱ ሌላ ቦታ ሄደን እንድንፈልገው ያደርገናል እንጂ ፍለጋውን አይዘጋውም። ለሽማግሌውም የሚገባቸው መልስ «የለም» ሳይሆን «የት ነው ያለው፣ ሰነዱስ እንዴት ነው?» የሚል ነበር።

ማንኛውም ሐዲስ ሁለት ክፍል አለው። አንደኛው ሰነድ ነው፤ ከኪታቡ ጸሐፊ ተነሥቶ እስከ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የሚደርሰው የአስተላላፊዎች ሰንሰለት ማለት ነው። ሁለተኛው መትን፣ ማለትም የተነገረው ቃል ነው። መጀመሪያ ላይ ስለ ሰነድ የሚጠይቅ እንዳልነበረ፣ ፊትና (የእርስ በርስ ሁከት) ከተነሣ በኋላ ግን «ሰዎቻችሁን ጥሩልን» መባል እንደ ተጀመረ ታቢዒዩ (የነቢዩን ባልደረቦች ካዩት ትውልድ የሆኑት) ሙሐመድ ኢብን ሲሪን መናገራቸውን ኢማም ሙስሊም በሰሒሓቸው መግቢያ ላይ አስፍረዋል። ነገሩ ከሽምግልና ብዙም አይርቅም፤ ሽማግሌ በተቀመጠበት ምስክር ሲቀርብ ከቃሉ በፊት ሰውየው እንደሚጠየቅ፣ ከቦታው ነበር ወይ፣ የታመነ ነው ወይ፣ ዛሬ የሚለው ትናንት ካለው ይገጥማል ወይ እንደሚባል ሁሉ፣ የሐዲስ ሊቃውንትም በእያንዳንዱ ራዊ (አስተላላፊ) ላይ ይህንኑ አድርገዋል። ልዩነቱ እነሱ ምስክሩ ከሞተ ከመቶ ዓመታት በኋላም ሳይቀር፣ የት ተወለደ፣ ከማን ተማረ፣ መቼ አረጀና መርሳት ጀመረ የሚለውን በጽሑፍ ይዘው መቆየታቸው ነው።

በሱኒዎች ዘንድ በኢብን አስ-ሰላሕ (በ643 ዓ.ሒ. የሞቱ) የተደላደለው መስፈርት አምስት ነገር ይጠይቃል። ሰነዱ ሳይቆራረጥ መያያዝ አለበት፤ እያንዳንዱ ራዊ በሃይማኖቱና በጠባዩ የታመነ፣ የሰማውንም በቃሉ ወይም በጽሑፉ አጥብቆ የሚይዝ መሆን አለበት፤ ቃሉ ከእሱ ይበልጥ የታመኑ ሰዎች ካስተላለፉት መጋጨት የለበትም፤ የተሰወረ ጉድለትም ሊኖረው አይገባም። የመጨረሻው ከሁሉ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ላይ ላዩን ሲያዩት ያማረ ሰነድ ከሌሎቹ መንገዶች ጋር ሲተያይ ብቻ ነው እንከኑ የሚወጣው። በመያያዙ ላይ እንኳ ሁለቱ ታላላቅ ኢማሞች አይስማሙም፦ ቡኻሪ ሁለቱ ራዊዎች በእርግጥ መገናኘታቸው እንዲረጋገጥ ሲፈልጉ፣ ሙስሊም በአንድ ዘመን መኖራቸውንና መገናኘታቸው የሚቻል መሆኑን በቂ ያደርጉታል። ሁሉን ያሟላ «ሰሒሕ» ይባላል፤ የራዊው ማስታወስ ትንሽ ዝቅ ያለ ከሆነ «ሐሰን»፣ የጎደለው «ደዒፍ»፣ ውሸት ሆኖ የተገኘው «መውዱዕ» ይባላል።

አሁን የሽማግሌውን ሐዲስ በእጃችን ይዘን እንየው። በአቡ ዳውድ ላይ ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ከዒሳ ኢብን ሙሐመድ አር-ረምሊ፣ ከደምራ፣ ከአስ-ሰይባኒ፣ ከአቡ ሱከይና አድርጎ «ከነቢዩ ባልደረቦች አንድ ሰው» ዘንድ ይደርሳል፤ ቃሉም ሐበሾችን እስከተዉአችሁ ድረስ ተዉአቸው፣ ቱርኮችንም እስከተዉአችሁ ድረስ ተዉአቸው የሚል ነው። እዚህ ላይ ሁለት ነገር ልብ ይባላል። አቡ ሱከይና እምብዛም የማይታወቁ ሰው ናቸው። ከእሳቸው በላይ ያለው ሶሓባ (የነቢዩ ባልደረባ) ደግሞ ስሙ አልተጠራም። (በነገራችን ላይ፣ የሦስተኛውን ሰው ስም አንዳንድ ቅጂዎች «አሽ-ሸይባኒ» እያሉ ይጽፉታል፤ በዐረብኛ ሁለቱን የሚለያቸው ሦስት ነጥብ ብቻ ስለ ሆነ የገልባጭ እጅ ሲያመልጠው ሰውየው ሌላ ሰው ይሆናል። የራዊዎችን ስም አጥርቶ መያዝ ራሱን የቻለ ዕውቀት የሆነው ለዚህ ነው።)

ሁለተኛው መንገድ ከአቡ ዓሚር፣ ከዙሀይር ኢብን ሙሐመድ፣ ከሙሳ ኢብን ጁበይር፣ ከአቡ ኡማማ አድርጎ ከዐብዱላህ ኢብን ዐምር ይደርሳል፤ በዚህኛው ላይ የካዕባን የተከማቸ ሀብት የሚያወጣው ቀጫጭን እግር ያለው ሐበሻ እንደ ሆነ ተጨምሯል። የዙሀይር ነገር ለሐዲስ ሊቃውንት ጥንቃቄ ጥሩ ማሳያ ነው፦ ኢማም አል-ቡኻሪ የሻም ሰዎች ከእሱ ያስተላለፉት እንግዳ ነገር የሞላበት፣ የበስራ ሰዎች ያስተላለፉት ግን ትክክል መሆኑን ተናግረዋል። ስለዚህ ዙሀይር የታመነ ነው ወይስ አይደለም የሚለው ጥያቄ በአንድ ቃል አይመለስም፤ ከእሱ የሰማው ማን ነው ተብሎ መጠየቅ አለበት። እዚህ ላይ የሰሙት አቡ ዓሚር የበስራ ሰው ስለ ሆኑ ያ ፍርሃት ይቀላል። ሙሳ ኢብን ጁበይር ግን ኢብን ሐጀር ሁኔታው ያልተገለጠ ሰው ያሉት ነው። እንግዲህ ሁለቱም መንገዶች ለየብቻቸው ቀዳዳ አላቸው፤ የአንዱ ቀዳዳ ከሌላው ጋር ስለማይገጥም ግን አንዱ ሌላውን ይደግፈዋል። በእኛ ዘመን አል-አልባኒ «ሐሰን» ያሉት ለዚህ ነው። ሰሒሕ ነው ብሎ መማል ብዙ ነው፤ የለም ብሎ መጣልም ስሕተት ነው።

በዚህ ሐዲስ ላይ ከሁሉ የሚደንቀኝ ግን የኢማም ማሊክ መልስ ነው። ኢብን ሩሽድ በ«ቢዳየቱል ሙጅተሂድ» እንደ ጻፉት፣ ማሊክ ስለዚህ ቃል ትክክለኛነት ተጠይቀው አላረጋገጡትም፤ ሆኖም ሰዎች ሐበሾችን ከመውጋት ሲታቀቡ መኖራቸውን ተናገሩ። በ179 ዓ.ሒ. የሞቱት የመዲናው ሊቅ ሰነዱን እርግጠኛ ሆነው አልተቀበሉትም፣ የመዲና ሰዎች ልማድ ግን ለእሳቸው ክብደት ነበረው። የሐዲስ ደረጃና ሙስሊሞች በእሱ መሥራት አለመሥራታቸው ሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች ናቸው።

የሺዓዎች ጉዳይ እዚህ ላይ ይመጣል። በኢማሚያ ሺዓ (ዐሥራ ሁለቱን ኢማሞች በሚከተሉት) ዘንድ መሣሪያው ያው ነው፤ ሰነድና መትን አለ፣ ራዊ ይመረመራል፣ የሰዎች ታሪክ ኪታብ አለ፤ በ450 ዓ.ሒ. የሞቱት አን-ነጃሺ የሚባሉት ሊቅ (ስማቸው ከእኛው ንጉሥ ጋር ይገጥማል እንጂ ሌላ ሰው ናቸው) እና በ460 ዓ.ሒ. የሞቱት ሸኽ አጥ-ጡሲ የጻፏቸው ከሁሉ የታወቁት ናቸው። የሚለየው ሰንሰለቱ የሚታሰርበት ቦታ ነው። ለሱኒ ሊቃውንት ሶሓቦች በሙሉ የታመኑ ናቸው፤ ስለዚህ «ከባልደረቦቹ አንድ ሰው» ተብሎ ስሙ ቢዘለልም ሰነዱን አያፈርሰውም። ለሺዓ ሊቃውንት ግን ሶሓባም እንደ ማንኛውም ራዊ አንድ በአንድ ይመዘናል፤ ስሙ ያልታወቀ ሶሓባ ማለት ስሙ ያልታወቀ ሰው ማለት ነው። የሽማግሌውን ሐዲስ የመጀመሪያ መንገድ አንድ ሺዓ መርማሪ ቢያየው፣ ሱኒው ዝም ብሎ ባለፈበት ቦታ ላይ ቆሞ ይቀራል ማለት ነው።

በሌላ በኩል፣ ሱኒው የሚቆምበት ቦታ ላይ ሺዓው ያልፋል። ዐሥራ ሁለቱ ኢማሞች ከስሕተት የተጠበቁ ናቸው ብለው ስለሚያምኑ፣ ኢማም ጃዕፈር አስ-ሷዲቅ (በ148 ዓ.ሒ. የሞቱ) አንድ ነገር ሲናገሩ በእሳቸውና በነቢዩ መካከል ያለው ሰንሰለት ባይጠቀስም ለሺዓው በቂ ነው፤ ሱኒው ግን ጃዕፈርን የታመኑ ታላቅ ሊቅ ብሎ እያከበራቸውም ቢሆን የቀረውን ሰንሰለት ይጠይቃል። አብዛኛው የሺዓ ሐዲስ በዚህ ምክንያት ከአምስተኛውና ከስድስተኛው ኢማም (ከሙሐመድ አል-ባቂርና ከልጃቸው ከጃዕፈር) ነው የሚነሣው። አራቱ ዋና ኪታቦቻቸውም የአል-ኩለይኒ «አል-ካፊ»፣ የአስ-ሰዱቅ «መን ላ የሕዱሩሁል ፈቂህ»፣ የሸኽ አጥ-ጡሲ «ተህዚቡል አሕካም» እና «አል-ኢስቲብሳር» ናቸው።

ደረጃውም ትንሽ ይለያል። በሰባተኛው መቶ ዓመተ ሒጅራ በአሕመድ ኢብን ጣውስ፣ ከዚያም በተማሪያቸው በዐላማ አል-ሒሊ እጅ ሰሒሕ፣ ሐሰን፣ ሙወሰቅና ደዒፍ የሚል አራት ክፍል ተለመደ። «ሙወሰቅ» የሚባለው ራዊው ኢማሚያ ሺዓ ሳይሆን ግን በቃሉ የታመነ ሲሆን ነው። ለቅሶ ቤት ውስጥ «የራሳቸው ሐዲስ ነው ያላቸው» ያለው ሰው ይህን ቢያውቅ ኖሮ አነጋገሩን ያለዝበው ነበር ብዬ አስባለሁ። ሸኽ አጥ-ጡሲ ወገኖቻቸው ይሠሩበታል ካሏቸው ራዊዎች አንዱ ሐፍስ ኢብን ጊያስ ናቸው፤ እኚህ ሰው በሃሩን አር-ረሺድ ዘመን ቃዲ የነበሩ ሱኒ ሲሆኑ፣ የሚያስተላልፉት ሐዲስ ቡኻሪና ሙስሊም ላይም አለ። በሌላው ወገን አባን ኢብን ተግሊብ የታወቁ የኩፋ ሺዓ ነበሩ፤ ሆኖም ኢማም ሙስሊም ከእሳቸው ዘግበዋል። አዝ-ዘሀቢ ስለ እሳቸው ሲጽፉ ጽኑ ሺዓ ቢሆኑም እውነተኛ ናቸው፣ እውነታቸው ለእኛ ነው፣ ቢድዓቸው (በሃይማኖት ላይ የጨመሩት ፈጠራ) በራሳቸው ላይ ነው ብለዋል። ሁለቱ ወገኖች በኩፋና በባግዳድ አንድ መስጊድ ውስጥ እየሰሙ ያደጉበት ዘመን ስለ ነበር፣ ሰንሰለቶቻቸው እኛ ከምናስበው በላይ የተጠላለፉ ናቸው።

ክርክሩ ሁልጊዜ በሰነድ ላይ ነው ማለትም አይደለም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመካና በመዲና መካከል ባለው በገዲር ኹም የአላህን ኪታብና የቤተሰቦቻቸውን ነገር አደራ ማለታቸውን ከዘይድ ኢብን አርቀም ኢማም ሙስሊም ዘግበውታል፤ ሁለቱም ወገኖች ይቀበሉታል፤ የሚለያዩት ከዚህ አደራ ምን ይከተላል በሚለው ላይ ነው።

ለቅሶ ቤት ስለ ነጃሺ ስለ ተነሣ አንድ ነገር ልጨምር። ነቢዩ ነጃሺ በሞቱበት ዕለት መሞታቸውን ተናግረው፣ ሰዎችን አሰልፈው አራት ተክቢራ አድርገው እንደ ሰገዱባቸው ቡኻሪና ሙስሊም ከአቡ ሁረይራ ዘግበዋል። በዚህ ሰነድ ላይ ሱኒዎች አይከራከሩም። ሆኖም ሻፊዒዮችና ሐንበሎች ከዚህ ተነሥተው በቦታው በሌለ ጀናዛ (አስከሬን) ላይ መስገድ ይቻላል ሲሉ፣ ሐነፊዎችና ማሊኪዎች ለነጃሺ ብቻ የተለየ ነገር ነበር ይላሉ። ሻፊዒና ሐነፊ ጎን ለጎን በሚኖሩበት በወሎ፣ አንዱ መስጊድ ሩቅ ለሞተ ሰው ሲሰግድ ሌላው ዱዓ ብቻ ቢያደርግ የሐዲስ ድክመት ጉዳይ አለመሆኑ ከዚህ ይታወቃል። በሺዓ በኩል ደግሞ ሸኽ አጥ-ጡሲ ባስተላለፉት መሠረት፣ ዙራራና ሙሐመድ ኢብን ሙስሊም ኢማም ሙሐመድ አል-ባቂርን ስለ ነጃሺ ሲጠይቋቸው፣ አልሰገዱባቸውም፣ ዱዓ ነው ያደረጉላቸው ብለው መልሰዋል። አንድ ክስተት፣ ሁለት ሰንሰለት፣ ሁለት ብያኔ፤ ሐነፊውና ሺዓው ግን በተለያየ መንገድ መጥተው በተግባር አንድ ቦታ ላይ ቆመዋል።

ጥያቄ፦ እኛ ቡኻሪን ሰሒሕ እንደምንለው ሺዓዎች «አል-ካፊ»ን በሙሉ ሰሒሕ ነው ይላሉ? — ከኮምቦልቻ

መልስ፦ በሁለት ወገን ተከፍለዋል። በ11ኛው መቶ ዓመተ ሒጅራ በሙሐመድ አሚን አል-አስተራባዲ የተነሡት አኽባሪዮች፣ አራቱ ኪታቦች ለኢማሞቹ ዘመን ቅርብ በነበሩ ሰዎች የተሰበሰቡ ስለ ሆኑ እንደገና መመርመር አያስፈልጋቸውም አሉ። ዛሬ የሚበዙት ኡሱሊዮች ግን እያንዳንዱ ሰነድ ይመዘናል ይላሉ። በ329 ዓ.ሒ. የሞቱት አል-ኩለይኒ የሰበሰቡት ከ16,000 በላይ ሐዲስ ሲሆን፣ በኋለኛው መስፈርት የተደረገ የታወቀ ቆጠራ ከ9,000 የሚበልጡትን «ደዒፍ» አድርጓል። አል-መጅሊሲም «ሚርአቱል ዑቁል» በተባለው ማብራሪያቸው የ«አል-ካፊ»ን ሐዲሶች አንድ በአንድ ደረጃ ሰጥተዋቸዋል። ስለዚህ አንድ ሱኒ ከ«አል-ካፊ» አንድ እንግዳ ሐዲስ አንሥቶ «ሺዓዎች የሚያምኑት ይህን ነው» ቢል፣ ሙግቱ በራሳቸው ሊቃውንት ዘንድ ውድቅ የሆነ ነገር ላይ ሊሆን ይችላል።

«ደዒፍ» ሁሉ ግን የተጣለ አይደለም። ሁለት ሐዲስ ሲጋጩ ምን ይደረግ ብለው ዑመር ኢብን ሐንዘላ ኢማም ጃዕፈርን የጠየቁበት ሐዲስ አለ፤ መልሱ ይበልጥ የታመነው ሰው ያለውን፣ ይበልጥ የታወቀውን፣ ከቁርኣን የሚስማማውን፣ ሱኒዎች ከያዙትም የሚለየውን ያዙ የሚል ነው። የመጨረሻው እንግዳ ቢመስልም፣ ኢማሞቹ አንዳንዴ በገዥዎች ፍርሃት በተቂያ (እምነታቸውን ደብቀው) የተናገሩት ቃል አለ ከሚል የመጣ ነው፤ ሱኒዎች ይህን የመሰለ መለኪያ የላቸውም። የሚገርመው፣ ይህን ያህል የሚሠራበት ሐዲስ ራዊው ዑመር ኢብን ሐንዘላ ራሳቸው በጥንቱ የራዊዎች ኪታብ በግልጽ «የታመነ» ያልተባሉ መሆናቸው ነው። ሊቃውንቱ ተቀብለው ስለ ሠሩበት ብቻ ሐዲሱ «መቅቡላ» (ተቀባይነት ያገኘች) ተብሎ ኖረ። የሊቃውንት ሥራ የሰነድን ድክመት ይጠግናል የሚሉ ብዙ ሲሆኑ፣ በ1992 እ.ኤ.አ. የሞቱት አያቱላህ አል-ኹኢ ይህን አይቀበሉም ነበር።

ጥያቄ፦ በወልድያ የምኖር መምህር ነኝ። በመድረሳችን ግድግዳ ላይ «ዕውቀትን እስከ ቻይና ሂዳችሁም ቢሆን ፈልጉ» የሚል ሐዲስ ተጽፏል። አንዳንዶች መውዱዕ ነው ይላሉ፤ ሌሎች ደግሞ ለመልካም ነገር እስከ ሆነ ድረስ ምን ችግር አለው ይላሉ።

መልስ፦ ሰነዱ በአቡ ዓቲካ ላይ የቆመ ነው፤ ኢማም አል-ቡኻሪ «ሙንከሩል ሐዲስ» (ሐዲሱ ተቀባይነት የሌለው) ያሉት ሰው ነው። አል-በይሀቂ ቃሉ የታወቀ ሰነዱ ግን ደካማ መሆኑን ተናግረዋል፤ ኢብን አል-ጀውዚ ጨርሰው ከተፈበረኩት መካከል ጽፈውታል። ለመልካም ሥራ ማነሣሻ ደካማ ሐዲስ መጥቀስ ይቻላል ያሉ እንደ ኢማም አን-ነወዊ ያሉ ታላላቆች አሉ፤ ሺዓዎችም በሱና (ግዴታ ባልሆኑ) ሥራዎች ላይ ተመሳሳይ ልዝብነት አላቸው። በወሎዎቹ በጀማ ንጉሥም በዳናም በመውሊድ ሌሊት በመንዙማ ውስጥ የሚሰማው ምስጋናም የሚነበበው በዚህ መንፈስ ነው፤ ማንም መንዙማን ለብያኔ ማስረጃ አድርጎ አላቀረበም። ግን ፈቃዱ ለደካማ እንጂ ለውሸት አይደለም፤ ግድግዳ ላይ በትልቁ ተጽፎ ልጆች በየቀኑ የሚያነቡት ነገር ደግሞ ከአንድ ምሽት ምስጋና የበለጠ ጥንቃቄ ይፈልጋል።

በእርግጥም የተሻለ አለ። «ዕውቀትን መፈለግ በእያንዳንዱ ሙስሊም ላይ ግዴታ ነው» የሚለውን ኢብን ማጃህ ዘግበውታል። እያንዳንዱ መንገድ ለብቻው ደካማ ነው፤ መንገዶቹ ብዙ በመሆናቸው ግን አል-ሚዚ እስከ ሐሰን ደረጃ እንደሚደርስ ተናግረዋል። ይኸው ቃል በ«አል-ካፊ» የዕውቀት ክፍል መጀመሪያ ላይ ከኢማም ጃዕፈር ተላልፎ ይገኛል። እንግዲህ ቻይና ያለበትን አጥፍታችሁ ይህኛውን ጻፉ፤ ከሥሩም «ኢብን ማጃህ ዘግበውታል» ብላችሁ አስፍሩ፣ ልጆቹ ከወዲሁ «የት ነው ያለው?» ብለው መጠየቅ ይለምዳሉ።